የዘገየ ትከሻ

እውነቱን ልንገራችሁ፤ የማይመለከተኝ ነገር ውስጥ ገብቼ የማልፈተፍት ሴት ብሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ጣጣ አይደርስብኝም ነበር። እናቴ ከልጅነቴ ጀምሮ «አንቺ ልጅ፣ ይሄ አፍንጫሽ አንድ ቀን ጉድ ያፈላብሻል» ትለኝ ነበር። ይኸው አፈላብኝ።

ሥራዬ ፊልም መጠገን ነው። ከቴአትር ቤቱ ምድር ቤት፣ ከአልባሳት መጋዘኑ አጠገብ መስኮት የሌላት አንዲት ክፍል አለችኝ። ከሥሩ መብራት የበራበት የመስታወት ጠረጴዛ፣ ሁለት መዘውር፣ መቀስና ማጣበቂያ አለኝ፤ የቀረው ቦታ በሙሉ የፊልም ቆርቆሮ የተደረደረበት መደርደሪያ ነው። የተበጠሰውን አጣብቃለሁ፣ የሻገተውን እጠርጋለሁ። ሥራዬን ስጨርስ ቆርቆሮው ውስጥ አንድ ካርድ እከትታለሁ። የፊልሙ ርዝመት፣ የደረሰበት ጉዳትና በምን ፍጥነት መታየት እንዳለበት እዚያ ላይ ይጻፋል። ላይ ቤት ማሳያ ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ሰውዬ ሌላ ማንንም አያምንም፤ ካርዱ ያለውን ያደርጋል፣ አለቀ።

ከእኔ ሁለት ፎቅ ከፍ ብሎ ደግሞ እሱ አለ። የባህል ጭፈራ ቡድኑ መሪ ተወዛዋዥ ነው። በስሙ የሚጠራው ሰው የለም፤ ሁሉም አለንጋ ነው የሚለው። ቀጭን ስለሆነ ነው፤ እስክስታ ሲመታም ትከሻውን በዓይን መከተል ያስቸግራል። ከተዋደድን አምስት ወራችን ነው። ፊልም መጨረሻው ላይ ምንም ሥዕል የሌለው ነጭ ጅራት አለው። የተረፈኝን ቁራጭ ቆርጬ፣ በቀጭን እስክርቢቶ ጽፌበት፣ ጠቅልዬ ልብስ መስቀያው ላይ ካለው ጃኬቱ ኪስ እከትለታለሁ። እሱም ጀርባው ላይ መልሱን ጽፎ በበሬ ሥር ይሰድልኛል። ሞባይል እያለ ይሄ ምን የሚሉት እብደት ነው እንዳትሉኝ። የሞባይል መልእክት በእጅ አይጠቀለልም።

አሁን ወደ ጣጣው ልምጣ። የአለንጋ አባት ቡድኑን ያቋቋሙት ሰው ናቸው። አርባ ዓመት ሙሉ ወለሉን በዱላ እየመቱ ምት ያስጠበቁ ስለሆኑ ጋሽ ሰዓቱ ይባላሉ። እናቴ ደግሞ ያንኑ ወለል ሃያ ሁለት ዓመት ስትወለውል የኖረች ሴት ናት። ጋሽ ሰዓቱ ክፉ ሰው አይደሉም፤ እናቴን ቆም ብለው ነው ሰላም የሚሏት። ልጃቸው የጽዳቷን ልጅ ወደደ የሚለው ወሬ ሲደርሳቸው ግን ሦስት ቀን አኮረፉት። በአራተኛው ቀን «የአርባኛው ዓመት ዝግጅታችን ይለፍ፤ ከዚያ አምጣትና እናያታለን» አሉት። «እናያታለን» የምትለውን ቃል እኔና አለንጋ አንድ ሳምንት ሙሉ ገለበጥናት። ተስፋ ይኑራት አይኑራት ልንስማማ አልቻልንም።

ለዝግጅቱ የሚታየው ፊልም ነበር እኔ ዘንድ የመጣው። ታሪኩን የማያውቅ የለም። ድሮ አንድ መንገደኛ ፎቶ አንሺ ተራራማው አገር ድረስ ወጥቶ የገበሬዎቹን እስክስታ በእጅ በሚዞር ካሜራ ቀረጸ። ድምፅ የለውም። ጋሽ ሰዓቱ በወጣትነታቸው ያንን ፊልም አግኝተው አንድ ዓመት ሙሉ አዳራሽ ውስጥ ብቻቸውን እየተቀመጡ ከመጋረጃው ላይ ተማሩት። ከበሮውን በእሱ ለኩት። ከእሳቸው ሌሎች ቡድኖች ተማሩ፣ ከቡድኖቹ ትምህርት ቤቶች፣ ከትምህርት ቤቶቹ ደግሞ ሠርግ ያለበት ቤት ሁሉ። ዛሬ ሰው «ባህላዊው» ሲል የእሳቸውን ማለቱ ነው። በቃለ መጠይቅ ሁሉ «አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም» ይላሉ።

እኔ ግን ፊልሙን ስጠግን ዓይኔ ያረፈው ጨፋሪዎቹ ላይ አልነበረም። ከኋላቸው የቆመ አንድ ሽማግሌ አለ። ባርኔጣው ከራሱ ላይ ይወድቃል። ሲወድቅ አየሁትና የሆነ ነገር አልጥም አለኝ። ፍሬም በፍሬም፣ እያንዳንዷን ሥዕል ቆጠርኩ፤ ከራሱ ተነስቶ መሬት እስኪነካ ዘጠኝ ፍሬም ብቻ ነው። ማሽናችን በሰከንድ ሃያ አራት ፍሬም ነው የሚያሳልፈው። ባርኔጣ እንዲህ አይቸኩልም፣ ምን ሊያሳድደው?

«ቀጥ ብለህ ቁምና ጣለው» አልኩት አለንጋን፣ በምሳ ሰዓት ሲመጣ።

«ምኑን?»

«ባርኔጣህን። እኔ በሞባይል እቀርጽሃለሁ።»

«ጤነኛ ነሽ?»

«አይደለሁም። ጣለው።»

አስራ ሰባት ጊዜ ጣለው። መጀመሪያ እየሳቀ፣ ቀጥሎ እየተነጫነጨ፣ በመጨረሻ ግን እሱም ነገሩ ገብቶት ከእኔ ብሶ «አንዴ ልድገመው» እያለ። ባርኔጣው አንድም ጊዜ ከግማሽ ሰከንድ ቀድሞ መሬት አልደረሰም። ዘጠኝ ፍሬም ደግሞ በሃያ አራት ሲሄድ ግማሽ ሰከንድ አይሞላም።

«እና ምን ማለት ነው?» አለኝ ላቡን እየጠረገ።

«ፎቶ አንሺው በእጁ ሲያዞር በሰከንድ አስራ ስድስት ነው ያነሳው። በዚያ ካሰላኸው ባርኔጣው ልክ ይመጣል። አባትህ ግን ያዩት በሃያ አራት ነው። ገበሬዎቹ እንደዚያ አልጨፈሩም። ያስቸኮላቸው ማሽኑ ነው።»

ሳቀብኝ። እኔም አልተከራከርኩትም፤ ትንሿን ማሳያዬን አስራ ስድስት ላይ አድርጌ አበራሁለት።

አንድ ወንድና አንዲት ሴት ፊት ለፊት ቆመዋል። ወንዱ ትከሻውን ይሰጣል። በፈጣኑ ፊልም ሴትየዋ እኩል የምትመታ ነበር የምትመስለው። አሁን ግን አትመታም። ዓይኑን ታየዋለች። እንዲያው ዝም ብላ ታየዋለች። ትንፋሽ ወስጄ እስካስወጣ ድረስ ቆይታ ነው ትከሻዋ የሚመጣው።

የአለንጋ ሳቅ አፉ ላይ ቀረ። «እየጠበቀችው ነው እንዴ?»

«እያስጠበቀችው ነው» አልኩት።

ተያየን። ያቺ ክፍል ጠባብ መሆኗን እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አስተውዬው አላውቅም። ፊቴ ጋለ። የእሱ ጆሮ ቀላ። ሁለታችንም ማሽኑን ለማጥፋት እጃችንን እኩል ሰደድን።

ከዚያ ግን ፊቱ ተለወጠ። ወንበሬ ላይ ተቀመጠና እጆቹን በጉልበቶቹ መሀል አስገባ።

«ለማንም እንዳትናገሪ» አለኝ። «ቢያንስ ዝግጅቱ እስኪያልፍ። አባቴ ሰባ ሁለት ዓመቱ ነው። ከዚህ ሌላ የኔ የሚለው ነገር የለውም። ደግሞ ይህንን ካንቺ አፍ ከሰማ ደጃችንን አትረግጪም። እኔ አውቀዋለሁ።»

«ጭፈራውስ?»

«ጭፈራው አርባ ዓመት ጠብቋል፤ ሁለት ሳምንት ምን አለው? ቃል ግቢልኝ።»

«ቃሌ ነው» አልኩት። ከልቤ ነበር። እሱን ማጣት ፈርቼ ነበር።

እሱ ከወጣ በኋላ ካርዱን ሞላሁ። ርዝመቱን ጻፍኩ፣ ጉዳቱን ጻፍኩ፣ ፍጥነት የሚለው ጋ ስደርስ አስራ ስድስት ብዬ ጻፍኩ። አስበሽበት ነው ወይ ብትሉኝ፣ አላሰብኩበትም። አስራ አንድ ዓመት ካርድ ስጽፍ አንድም ቀን ውሸት ጽፌ አላውቅም፤ እጄ አልለመደውም። ለሰው አልናገርም ብዬ ነው ቃል የገባሁት፤ ካርዱ እንደሚናገር ትዝ አላለኝም። ቆርቆሮውን ዘግቼ ወደ ላይ ሰደድኩት። ደስ ብሎኝ ቤቴ ሄድኩ፣ ያቺን የምታስጠብቅ ሴትዮ እያሰብኩ።

ሐሙስ ከሰዓት ሙሉ ልምምድ ነበር። ፊልሙ ይጀምራል፣ ከበሮው ይከተላል፣ መጋረጃው ሲነሳ ቡድኑ ከፊልሙ ምት ይቀበላል፤ ሐሳቡ ያ ነበር። እኔ ከኋላ፣ መወልወያዋን ይዛ ከቆመችው እናቴ አጠገብ ነበርኩ። መብራት ጠፋ። ከበሮው በለመደው ፍጥነት ተነሳ። መጋረጃው ላይ ያሉት ገበሬዎች ግን አልተከተሉትም። ረጋ ብለው፣ እየተያዩ፣ በራሳቸው ጊዜ። ካርዴ ትዝ ያለኝ ያኔ ነው።

ጋሽ ሰዓቱ ዱላቸውን አነሱ። ከበሮው ቆመ።

«ማሽኑ ተበላሽቷል!»

ሰውዬው ከላይ በማሳያ ክፍሏ መስኮት አንገቱን አወጣ። «ደህና ነው ጋሼ። ካርዱ አስራ ስድስት ይላል።»

«ማን ነው የጻፈው?»

«ፊልም ክፍሏ ናታ።»

አዳራሹ በሙሉ ወደ እኔ ዞረ። እናቴ በቀስታ «ልጄ፣ ደግሞ ምን አደረግሽ?» አለችኝ። ጋሽ ሰዓቱ ዱላቸውን ተደግፈው ወደ እኔ መጡ።

«አስራ ስድስት ማለት ምንድን ነው የኔ ልጅ?»

ተሳስቼ ነው ማለት እችል ነበር። አንድ ቃል ነው። አለንጋ መድረኩ ላይ ቆሞ በዓይኑ እንዲህ በይ እያለ ለመነኝ፤ አየሁት፣ በደንብ ነው ያየሁት። ሽማግሌው ግን ቁጣ አልነበረባቸውም። ማወቅ ፈልገው ነበር የጠየቁኝ። ያንን መልክ ደግሞ አውቀዋለሁ፤ መስታወት ባየሁ ቁጥር የማየው ፊት ነው።

«ትክክለኛው እሱ ነው ጋሼ» አልኳቸው። «እስከዛሬ ያየነው የፈጠነውን ነው።»

ዱላቸውን ወንበር ላይ አስደግፈው ወጡ። አርባ ዓመት ሙሉ ዱላውን ጥለውት ሲሄዱ ያየ ሰው የለም። አለንጋ ዱላውን አንስቶ ተከተላቸው። በአጠገቤ ሲያልፍ ዞር ብሎ አላየኝም። እዚያው ቆሜ ቀረሁ፣ እናቴ እጄን ይዛኝ።

በማግስቱ በበሬ ሥር የፊልም ጅራት ተሰዶልኝ አገኘሁ።

«ካርዱን ስህተት ነው ብዬ ላልፈው እችላለሁ» ይላል። «ከዚያ በኋላ ግን በዓይኔ ለመንኩሽ። አይተሽኝ ተናገርሽ። ይህን እንዴት እንደምረሳው አላውቅም። አባቴ ከክፍሉ አልወጣም። እናቴ ምግብ ታስገባለች፣ ያንኑ ምግብ ታወጣለች። እባክሽ ለጊዜው አትጻፊልኝ።»

አትጻፊልኝ የተባለች ሴት ምን ታደርጋለች? ጻፍኩ። ሦስቱን ቀደድኩት። አራተኛውን ጃኬቱ ኪስ ከተትኩት፦ «አባትህን ብዋሻቸው ኖሮ አንድ ቀን አንተንም እዋሽህ ነበር። ስላመመህ ግን ይቅርታ። በጣም ነው የምወድህ፤ ይሄም ውሸት አይደለም።» መልስ አልመጣም። ቅዳሜንና እሁድን እንዴት እንዳሳለፍኳቸው አትጠይቁኝ።

ሰኞ ጠዋት በሬ በዱላ ተንኳኳ። ጋሽ ሰዓቱ ናቸው። ጺማቸውን አልተላጩም።

«የምቀመጥበት ይኖርሻል?»

ወንበሬን ለቀቅሁላቸው። ዙሪያውን አዩ፤ ቆርቆሮዎቹን፣ መዘውሩን፣ መስታወቱን። አርባ ዓመት እዚህ ሕንፃ ውስጥ ሲኖሩ ወደ ምድር ቤት ወርደው አያውቁም።

«እንዴት ነው ያወቅሽው?» አሉኝ።

ስለ ባርኔጣው ነገርኳቸው። ከዚያ ብድግ ብለው የራሳቸውን ባርኔጣ አውልቀው ለቀቁት። አነሱት። ደግመው ለቀቁት። ሦስተኛ ሲለቁት እኔ ልስቅም ላለቅስም ምንም አልቀረኝም።

«በይ አሳዪኝ።»

አራት ጊዜ አዩት። በአምስተኛው «እዚህ ጋ አቁሚው» አሉ። «ይህቺ ሴት ምን እያደረገች ነው?»

«እያስጠበቀችው ነው ጋሼ።»

«ለምን?»

«እኔ ምን አውቄ። ደስ ስላላት ይመስለኛል።»

ዓይናቸውን ከሴትየዋ ሳያነሱ ማውራት ጀመሩ፣ ለእኔ ይሁን ለእሷ አላውቅም።

«ባለቤቴ ፊልሙ ከተነሳበት አገር ናት። አስራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር ቡድኑ ውስጥ ስትገባ። ትከሻዋ እንዴት ያምር ነበር መሰለሽ። ግን ትዘገይ ነበር። ሁልጊዜ ወደ ኋላ። ይህንን ዱላ ስንት ጊዜ እግሯ ሥር እንደመታሁት እኔ ነኝ የማውቀው። ከፊት ረድፍ ወደ ኋላ ወሰድኳት፤ በኋላም አልባሳት ክፍል አስገባኋት። ተጋባን፣ ወለድን፤ ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን ትከሻዋን ስታነሳ አላየሁም። ሰነፍ ናት ብዬ ነበር።» ወደ እኔ ዞሩ። «ሰነፍ አልነበረችም አይደል?»

«አልነበሩም ጋሼ» አልኳቸው።

ስልካቸውን አውጥተው ልጃቸው ዘንድ ደወሉ። «እናትህን ይዘሃት ና። ምድር ቤት፣ ልጅቷ ጋ» ብለው ዘጉት።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ መጡ። እናቱ አጠር ያሉ፣ ቦርሳቸውን ደረታቸው ላይ የያዙ ሴት ናቸው። አለንጋ ከኋላቸው በሩ ላይ ቆሞ ቀረ። ጋሽ ሰዓቱ ማሳያውን በጣታቸው አመለከቱኝ፤ አበራሁት።

እትዬ ቆመው አዩት። ትንሽ ቆይተው ሳቁ፣ ዘመድ መንገድ ላይ እንዳገኘ ሰው።

«ይሄማ የኛ ነው» አሉ። «እናቴ እንዲህ ነበር የምታደርገው። እንዲያውም እሷ ትብሳለች፣ ወንዱ ላብ እስኪያጠምቀው ነበር የምታስጠብቀው።»

«ለምን አልነገርሽኝም?» አሏቸው ጋሽ ሰዓቱ።

«እንዴ፣ ነግሬሃለሁ እንጂ። በትከሻዬ ነገርኩህ። አንተ በዱላ መለስክልኝ።»

ይህን ሲሉ ድምፃቸው ላይ ቁጣ አልነበረም። ያ ነው የከበደው። ጋሽ ሰዓቱ አንገታቸውን ደፉ።

«ይቅር በይኝ» አሉ። «ቡድኑንም ልበትነው ነው። ለአርባ ዓመት ሰውን ሳሳስት ኖርኩ።»

«አሁን ደግሞ ምን አመጣህ? የምን መበተን ነው?» አሉ እትዬ። «ፈጣኑ ምን በደለህ? ስንት ሰው ተጋብቶበታል፣ ስንት ልጅ አድጎበታል። እሱ ያንተ ነው፣ ይሄኛው የኛ ነው። ሁለቱንም አሳያቸው፤ የቱ የማን እንደሆነ ብቻ ንገራቸው።» ቦርሳቸውን መስታወቴ ላይ አስቀመጡት። ሌላ ሰው ቢሆን እጮህበት ነበር። «አሁን ተነስ።»

በቆርቆሮ መደርደሪያዎቹ መሀል ሁለት ሰው የሚያቆም ቦታ አለ። ከበሮ የለም። ጋሽ ሰዓቱ ዱላቸውን ለልጃቸው ሰጥተው ትከሻቸውን ሰጡ፤ ሰጥተውም ሳይጨርሱ በለመደባቸው ሁለተኛውን ቀጠሉ።

«ቆይ» አሏቸው እትዬ።

እንደገና ጀመሩ። እንደገና ቀደሙ።

«ቆይ አልኩህ እኮ። የት ትሄዳለህ?»

በሦስተኛው ሰጡና ቆሙ። እትዬ ያዩዋቸዋል። ያዩዋቸዋል። ሽማግሌው እጃቸውን የት እንደሚያደርጉት ጠፋቸው፤ እንባቸው ጺማቸው ውስጥ ገባ፣ ግን አልተነቃነቁም። ሁለት ትንፋሽ። ሦስት። ከዚያ የእትዬ ትከሻ መጣ፣ ስድሳ ዓመት የተጠጋት ሴት ትከሻ አይመስልም ነበር።

አለንጋ መቼ እንደመጣ አላወቅሁም፣ አጠገቤ ቆሟል።

«እናቴ ስትጨፍር አይቼ አላውቅም» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ። አንዴም።»

«ተናደህብኛል?»

«ተናድጃለሁ። አሁንም ተናድጃለሁ።» ዓይኑን ከእናቱ አላነሳም። «አንቺ ዋሽተሽ ቢሆን ኖሮ ግን ይህን ሳላይ እሞት ነበር።»

«ታዲያ ይቅር ብለኸኛል?»

አልመለሰልኝም። እኔ እንደምታውቁኝ ነኝ፤ መልስ ሲዘገይብኝ ከሰው አፍ ነጥቄ ነው የማወጣው። ጥያቄው ምላሴ ላይ ደግሞ መጥቶ ነበር። ዋጥኩት። ፈርቼ ነበር፣ ግን ዝም ብዬ ቆምኩ። ፊት ለፊታችን ሁለቱ ሽማግሌዎች አንዱን ትከሻ ከሌላው እያዘገዩ ይጫወታሉ።

በስንተኛው ትንፋሽ እንደሆነ አልቆጠርኩም። እጁ መጥቶ እጄን ያዘው፣ እዚያው እናትና አባቱ ፊት።